የግሱ ባለቤት

ሰኞ፣ አራተኛ ክፍለ ጊዜ፣ ዘጠነኛ «ለ»።
በመስኮቱ ጣና ይታያል፤ ዳር ዳሩን እምቦጭ አለ።
ጠመኔ ይዤ አድራጊና ተደራጊ ግስ ላስተምር፣
«ሰበረ — ተሰበረ፣ ሰረቀ — ተሰረቀ» ስል፣ ስደረድር፣

ከኋላ ወንበር አንድ እጅ ወጣ።
ይታክቱ ናት፤ ከሽንብጥ በእግሯ የምትመጣ፣
ደብተሯን በጋዜጣ የለበደች፣
ጠይቃ የማትቀመጥ፣ መልስ እስክታገኝ የቆመች።

«ቲቸር፣ በሩ ጋ የተለጠፈ ጽሑፍ አለ አይደል፣
‹አንዲት ተማሪ ተደፈረች› የሚል።
ባለቤቱ ማን ነው?»

«አንዲት ተማሪ» አልኳት። መጽሐፉ የሚለው ያንን ነው።

«እሷ ምን አደረገች?» አለች።
«ባለቤት ማለት ድርጊቱን የፈጸመ ነው ብለው አላስጻፉንም?»
አንድ ልጅ ሳቀ። የባጃጅ ጥሩምባ ከውጭ ገባ፤
ከእኔ ግን ቃል አልወጣም።

ያን ጽሑፍ የጻፍኩት እኔ ነኝ።
ርዕሰ መምህሩ «ለስለስ ይበል፣ ሰው አይቀየም» ሲለኝ፣
አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሰዋስው ያስተማርኩ፣
ሰውየውን በአንድ «ተ» ሸሸግኩ።

ከዚያማ ሁሉም ነገር በ«ተ» ጀመረ፦
ሽማግሌ ተላከ፣ ጊደር ተቆጠረ፣
አባቷ ተለመነ፣ እግሩ ተሳመ፣ እርቅ ተፈጸመ፣
«ለእሱው ትዳር» ተባለ፣ «ዕድሏ ነው» ተባለ።
ማን አለ?
ባለቤት የለውም። እንደ ጠዋት ጭጋግ መጥቶ ሐይቁ ላይ ዋለ።

ማታ መዝገበ ቃላት ገለጥኩ።
«ደፈረ፦ ሳይፈራ ተጋፈጠ፤ ጀግና ሆነ።»
ከሥሩ፣ በዚያው ቀለም፣ «ሴትን በግድ ተገናኘ።»
ወንዱን «ደፋር ነው» እያልን አሳደግነው፤
ሴት ስትደፍር «ዓይን አውጣ» የምንላትም እኛው ነን።

ከገጹ ግርጌ ጎረቤቱ ይነበባል፦ ደፈረሰ።
አንድ «ሰ» ነው ልዩነቱ። ሐምሌ ሲሆን፣ ጉማራ ጭቃውን ተሸክሞ እንደ ደረሰ፣
ጣና ቡኒ ይሆናል።
«ካልደፈረሰ አይጠራም» ይባላል።
እኛ ግን ስንት ዓመት፣ ላዩ እንዳይደፈርስ ብለን፣
ጭቃውን ከነሴት ልጆቻችን ከሥር ተጭነን ያዝን።

ቅዳሜ የእምቦጭ ነቀላ ነበር። ከተማው ነቅሎ ወጣ፤
ቦቲ ጫማ፣ መንሽ፣ ድምፅ ማጉያ፤ ባለሥልጣን በመኪና መጣ።
ይታክቱና ስድስት ልጆች አረሙ ከሚቆለልበት ጎን ቆሙ፣
ካርቶን ይዘው፣ የእኔን ዓረፍተ ነገር በቀይ አርመው፦

«አንድ ሰው ደፈራት። የግሱ ባለቤት እሱ ነው።
የምንጠይቀው ሽማግሌ አይደለም፤ ዳኛ ነው።
ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ጀርባ ያሉት አምፖሎች ይብሩ።»

«ቦታው አይደለም» አሏቸው። «ዛሬ የአረም ቀን ነው።»
«እኛም የመጣነው ለዚያው ነው» አለች ይታክቱ።

ስልሳ ሦስት ሰው ፈረመ። አንድ ዓሣ አጥማጅ፣ ፊደል ያልቆጠረ፣
የቆረሶ ቅርፊት የተጣበቀበት አውራ ጣቱን
ቀለም አጥቅሶ፣ ወረቀቱ ላይ ተጭኖ ቀረ።
ሴት ልጅ ትኖረው ይሆናል።
ላትኖረውም ትችላለች።

አምፖሎቹ እስካሁን አልበሩም። ችሎቱ ለጥቅምት ተቀጠረ።
ይኸው ደግሞ «ተ»።
«ይደክማቸዋል፣ ይተዉታል» ይላል ርዕሰ መምህሩ።
እናቷ ስም ስታወጣ ቀድማ መልሳለታለች፦
ይታክቱ። እነሱ።

ዛሬ ዓረፍተ ነገሩን ሰሌዳው ላይ ከነባለቤቱ ጻፍኩት።
ሳላጠፋው ወጣሁ።
በመስኮት ሳይ፣ የሒሳቡ መምህር ሽባባው ዳስተር አነሣ፣
አነበበ፣
መልሶ አስቀመጠው፤
በቀረችው ጠባብ ቦታ፣ በደቃቅ ቁጥር፣
ሥራውን ጀመረ።